የመተማው ቅባትና የባልደረባዬ አደራ



በማለዳ ወደ ሥራ ለመውጣት ስትጣደፉ፣ አንዱን ልጅ አልብሳችሁ ሌላውን አጉርሳችሁ፣ በመጨረሻ ለራሳችሁ ማበጠሪያ ስታነሡ፣ በማበጠሪያው ጥርስ ላይ ተጠምጥሞ የቀረውን ጠጉር አይታችሁ ክው ያላችሁበት ቀን የለም? ብዙዎቻችን ይህን ለባልም ለጎረቤትም አንናገርም። ሻሻችንን ሸብ አድርገን እንወጣለን። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ በሻሽ ስለሚሸፈን ጭንቀት ነው። ወሬውን የምንጀምረው ግን ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከሩቅ፣ ከመተማ ቆላ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው።

በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ ወደ መተማ ልሄድ ስሰናዳ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከቢሮው ጥግ ጠርታኝ በወረቀት የተጠቀለለ 400 ብር ከእጄ አኖረች። ዕድሜዋ ያኔ 38 ነበር፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሻሿን ገለጥ አድርጋ አናቷን አሳየችኝ። ጠጉሯን ለሁለት የምትከፍልበት መስመር እንደ ድሮው ቀጭን አልነበረም፤ ሰፍቶ የራስ ቆዳዋ ይታያል። «እህቴ፣ መተማ ገበያ ላይ ከሱዳን በኩል የሚመጣ የጠጉር ቅባት ይሸጣል ይላሉ። ቅጠልም ይሁን ዘይት ያገኘሽውን አምጪልኝ። እናቴንም እንዲሁ ነበር ያደረጋት፤ በስተእርጅናዋ አናቷ ሳስቶ ሳስቶ ነው ያለፈችው» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። አደራውን ተቀብዬ ተነሣሁ።

ቁልቁለቱ

ከጎንደር እስከ ድንበሩ ከተማ እስከ መተማ ዮሐንስ ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዘዞ ተገንጥሎ በጭልጋ በኩል ያልፋል። እስከ አይከል ድረስ የምታዩት አገር የለመዳችሁት ነው፤ ጤፉ፣ ባሕር ዛፉ፣ ቀዝቃዛው ነፋስ። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከጎንደር ተነሥታችሁ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከመተማ እስክትደርሱ ድረስ መጀመሪያ ሹራባችሁን፣ ቀጥሎም ነጠላችሁን አውልቃችሁ ታጥፋላችሁ። በመስኮት የሚገባው ነፋስ ከምጣድ አጠገብ የቆማችሁ ያህል ይሞቃል።

ዛፉም ይለወጣል። በድንጋያማው ተረተር ላይ ልጡ እንደ ወረቀት የሚላጠው የእጣን ዛፍ ቆሟል፤ በእያንዳንዱ ቤታችን ቡና ሲፈላ የሚጤሰው እጣን ከእንዲህ ያለው ዛፍ የሚለቀም ነው። ግራሩ፣ ሁመሩና እሾሃሙ ቁርቁራ በየሜዳው ይታያል። ገንዳ ውሃን ካለፋችሁ በኋላ ደግሞ ዓይናችሁ የሚያርፈው በሰሊጥ ላይ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አካባቢው በሰሜን ጎንደር ዞን ሥር ነበር፤ ዛሬ ገንዳ ውሃ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት።

ጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው። ፍሬው ደርቆ ከተሰነጠቀ ዘሩ መሬት ላይ ይራገፋልና ገና ሳይደርቅ አጭደው፣ ነዶውን እርስ በርሱ አደጋግፈው ያቆሙታል። ለዚህ ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞች ከደጋው ይወርዳሉ። ሲወርዱ ግን ወባው ይጠብቃቸዋል፤ አንዳንዱንም በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ይይዘዋል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ከጠጉር ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ ስላለ ኋላ እንመለስበታለን።

መተማ ዮሐንስ ስሟን ያገኘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት እዚሁ ቆስለው ከሞቱት ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ከተማዋን ከሱዳኗ ጋላባት የሚለያት አንዲት ትንሽ ወንዝና ድልድይ ናት። እኔ በሄድሁበት ጊዜ ድልድዩን ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ሻይ ሻጯ ሁሉ ሲመላለስበት ይውል ነበር። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሻግረውበታል።

ከገበያው መደብ ላይ

በገበያው የሴቶቹ ተራ ከሩቅ በሽታው ይለያል። እዚያ የጨመቁት የሰሊጥ ዘይት በጠርሙስ ተደርድሯል። ሱዳኖች ከርከር የሚሉት፣ የሰሊጥ ዘይትና የከብት ስብ ከብርቱካን ልጣጭና ከቅርንፉድ ጋር የገባበት የጠጉር ቅባት አለ። ሴቶች ሰውነታቸውን የሚታጠኑበት ጠልህ የሚባለው የግራር እንጨት አለ፤ በእኛም አገር ወይባ እንደምንታጠነው ማለት ነው። ሂና አለ። ደርቆ የተወቀጠ የቁርቁራ ቅጠልም በስፌት ተቀምጧል።

አንዲት ጎልማሳ ሴት መደብ አጠገብ ቁጭ አልሁ። «እማማ፣ ለሚሳሳ ጠጉር የሚሆን ምን አለዎት?» አልኋቸው። የቁርቁራውን ቅጠል ዘገን አድርገው በውሃ ቢያሹት እንደ ሳሙና አረፋ ወጣው። «በዚህ ታጠቢ፤ ፎረፎርን ያጠፋል። እኛ ትኩሱን የሰሊጥ ቅጠልም በውሃ አሽተን፣ ያን የሚያሟልጨውን ውሃ ራሳችን ላይ እናፈስበታለን። ጠጉሩ ለስልሶ በማበጠሪያ እሺ ይላል» አሉኝ። እኔም የባልደረባዬን ነገር ነገርኋቸው። ሻጭ ናቸውና «ይህን ግዢ» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ይኼ ያጥባል፣ ያለሰልሳል። ካልወጣበት ግን አያወጣም። ዘር በሌለበት መሬት ሰሊጥ ይበቅላል?» አሉኝ።

እናቶች ሆይ፤ ይህችን ቃል ቦርሳችሁ ውስጥ አስቀምጧት። እኒያ ሴት የተናገሩት ጥናትም የሚደግፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በአፋር ቆላ ሴቶች ለጠጉርና ለቆዳ የሚጠቀሙባቸውን ዕፅዋት የሚዘረዝር ጥናት ታትሞ ነበር። እዚያም በተመራጭነት ከፊት ከተቀመጡት መካከል ቁርቁራና ሰሊጥ ይገኛሉ። አገልግሎታቸውም ማጠብ፣ ፎረፎርን መከላከልና ጠጉርን ማለስለስ ነው። በቁርቁራ ቅጠል ውስጥ ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለ። የሰሊጥ ቅጠልም ልክ እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ፈሳሽ ይሰጣል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ አንናቀው። ነገር ግን ጠጉርን ማጠብና ጠጉርን ማብቀል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይግባ። በድንበር ገበያ «ጥቁር ሂና» የሚባል አለ። ንጹሕ የሂና ቅጠል የሚሰጠው ቀለም ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው። ጥቁር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባል የጠጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ገብቶበታል ማለት ነው። ይህ ኬሚካል የራስን ቆዳ ሊያቃጥል፣ ፊትን ሊያሳብጥ ይችላል። በስሕተት የተዋጠ እንደሆነም ጉሮሮን አሳብጦ ትንፋሽ ይዘጋል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። በካርቱም ሆስፒታሎች በዚህ መርዝ የታመሙና ሕይወታቸው ያለፈ ሕፃናት ተመዝግበዋል። እንዲህ ያለውን ዱቄት ልጅ ካለበት ቤት አታስገቡት።

ነገርን ከሥሩ

ከመተማ ስመለስ ለባልደረባዬ ያመጣሁላት አንድ ጠርሙስ የሰሊጥ ዘይት፣ አንድ ከረጢት የቁርቁራ ቅጠል፣ የተረፈውን ብሯንና የእኒያን ሴት ቃል ነበር። ቅር አላት፤ አልደብቃችሁም። «ይኼን ለማለት ነው መተማ ድረስ የሄድሽው?» አለችኝ። ሆኖም በሳምንቱ አብረን ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድን። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ? ሐኪሙም የጀመሩት ከሥሩ ነው።

በሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ጠጉር አለ። እያንዳንዱ ጠጉር ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያድጋል፤ ከዚያም ሦስት ወር ያህል ዐርፎ ይወድቅና በቦታው ሌላ ይተካል። ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ጠጉር ቢረግፍ ጤና ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን መጠየቅ ያለበት «ምን ልቀባ?» ሳይሆን «ምን ዓይነት መርገፍ ነው?» የሚለው ነው።

አንደኛው ዓይነት ድንገት በመላው ራስ ላይ የሚረግፈው ነው። ከወሊድ በኋላ በሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ይመጣል። ከብርቱ ትኩሳት በኋላም እንዲሁ ነው። ያ በመተማ ማሳ ላይ ወባ የያዘው ሠራተኛ ደጋ ወደ ቤቱ ተመልሶ ድኖ ሳለ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ጠጉሩ ቢረግፍ፣ ቆላው አስማት አድርጎበት አይደለም፤ ሰውነቱ በትኩሳቱ ጊዜ ጠጉሩን በጅምላ ወደ ዕረፍት ስለላከው ነው። ይህኛው ዓይነት በአብዛኛው በስድስት ወር ውስጥ በራሱ ይመለሳል። በዚያ ወቅት የተቀባችሁት ቅባት ሁሉ «ፈውሶኛል» የሚያሰኘውም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው ከደም ማነስና ከእንቅርት እጢ ሕመም የሚመጣው ነው። ሦስተኛው በእጃችን የምናመጣው ነው፤ ሹሩባን አጥብቆ መሠራት የግንባርንና የጆሮ ግንድን ጠጉር ከሥሩ እየነቀለ ያመልጠዋል። በልጆች ላይ የሚወጣው ቆረቆር ከፈንገስ ነው። ክብ እየሆነ የሚመለጠው ላሽ ደግሞ ሰውነት የራሱን ጠጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው።

አራተኛው የባልደረባዬ ነበር፤ ሆርሞን ያለበት። የወንዴ ሆርሞን የምንለው ቴስቶስትሮን በሴትም ገላ ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል። ይህን ሆርሞን 5-አልፋ ሪዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ወደሚባል የበረታ ሆርሞን ይለውጠዋል። በዘር ተጋላጭ የሆነ የጠጉር ሥር ይህ ሆርሞን ሲደርስበት በየዙሩ እየቀጨጨ ይሄዳል፤ ወፍራሙ ጠጉር ቀጭን፣ ቀጭኑም እንደ ሕፃን ገላ ጸጉር ለስላሳ ይሆናል። በወንድ ግንባሩና አናቱ ይመለጣል። በሴት የፊት መስመሩ ሳይነካ መሐል አናቷ ይሳሳል። ከማረጥ በኋላ ደግሞ ይበረታል።

ሐኪሙ የሴትዮዋን የሰሊጥ ምሳሌ ብነግራቸው ሣቁና፣ «ትክክል ናቸው፤ ግን እዚህ ላይ ዘሩ ገና አልጠፋም። እየቀጨጨ ነው። ስለዚህ ጊዜ አታጥፉ» አሉን። የባልደረባዬ ዓይን እንባ ያቀረረው ያን ጊዜ ነው። በየቅባቱ ያለፉት ሁለት ዓመታት ትዝ አሏት።

ከዕፅዋት የመጣው ተስፋ

እንግዲህ «ይህን ሆርሞን የሚያቆም ቅጠል የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ሳይንቲስቶችም ጠይቀውታል።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ጄምስ ሃሚልተን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1942 ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ እንደማይሆኑ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ያ ኢንዛይም በትውልድ የጎደላቸው ሰዎች ተጠኑ፤ ወንዶቹ ሲያረጁም ጠጉራቸው አልተመለጠም። ከዚህ ዕውቀት የተሠራው ፊናስተራይድ የሚባለው ክኒን በአሜሪካ በ1992 ለፕሮስቴት፣ በ1997 ለወንዶች ጠጉር ተፈቀደ። ነፍሰ ጡር ግን ልትወስደው አይገባም፤ ወንድ ጽንስን ይጎዳል።

ያንኑ ኢንዛይም ለመግታት ከተሞከሩት ዕፅዋት በጣም የታወቀው በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የሚበቅለው ሶው ፓልሜቶ የሚባል አጭር የዘምባባ ዓይነት ነው። ከፍሬው የሚወጣው ንጥር በጣሊያን አገር በ100 ወንዶች ላይ ለሁለት ዓመት ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ፍሬውን ከወሰዱት 38 በመቶው፣ ፊናስተራይድ ከወሰዱት ደግሞ 68 በመቶው ለውጥ አሳዩ። ምንም ያልወሰደ ቡድን ግን ለማነጻጸሪያ አልተቀመጠም ነበር።

የዱባ ፍሬ ዘይትም አለ። በደቡብ ኮሪያ 76 ወንዶች ለ24 ሳምንት ተከታትለዋል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ዘይቱን በወሰዱት የጠጉር ብዛት በአማካይ 40 በመቶ ሲጨምር፣ ባልወሰዱት የጨመረው 10 በመቶ ነው። የሚያጓጓ ነው፤ ሆኖም እንክብሉ የዱባ ዘይት ብቻ አልነበረም፤ ሌላም ተክል ተቀላቅሎበት ነበር።

ከሁሉ የሚቀርበን ጥብስ ስንሠራ የምንጨምረው የጥብስ ቅጠል፣ ሮዝመሪ ነው። በኢራን እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት 100 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ገሚሱ የሮዝመሪ ዘይት፣ ገሚሱ 2 በመቶ ሚኖክሲዲል የሚባለውን መድኃኒት ለስድስት ወር ተቀቡ። በሁለቱም ወገን በስድስተኛው ወር ጠጉር ጨመረ፤ ልዩነትም አልታየም። ይህም ቢሆን አንድ ጥናት ነው፤ ምንም ያልተቀባ ቡድንም አልነበረውም። ደግሞም የተቀቡት ተነጥሮ የተለካውን ዘይት ነው እንጂ ቅጠሉን ቀቅለው አይደለም።

በደጋው ደናችን ውስጥ ያለው ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍም ስሙ ይነሣል። ልጡ በአውሮፓ ለአረጋውያን ወንዶች የፕሮስቴት እብጠት ሲሰጥ ቆይቷል። ልጡን ፍለጋ በየአገሩ ብዙ ዛፍ በመላጡም እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል። ለጠጉር ብላችሁ ልጥ ብታስፈልጡ የምትጎዱት ደኑን ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ተስፋው ባዶ አይደለም፤ ግን ቀጭን ነው። ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው፤ አብዛኞቹም በወንዶች ላይ የተደረጉ ናቸው። ከዕፅዋት ነው ማለትም ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ሆርሞንን የሚነካ ቅጠል ሆርሞንን ይነካልና ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲህ ያለውን ነገር አትውሰድ።

ምን እናድርግ?

ባልደረባዬ ደሟ ተመርመሮ ደኅና ሆኖ ስለተገኘ ሐኪሙ ያዘዙላት ሚኖክሲዲል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይባስ ብሎ ረገፈባት፤ ሐኪሙ ቀድመው ስለነገሯት አልተወችውም። ለውጡ የታየው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ጠጉሯ እንደ ልጅነቷ አልሆነም፤ መስመሩ ግን መስፋቱን አቆመ፣ ጥቂትም ጠበበ። ካቆመችው የተገኘው ተመልሶ ስለሚጠፋ እስከ ዛሬ ትቀባዋለች። የሰሊጡን ዘይትም አልጣለችውም፤ ከታጠበች በኋላ የጠጉሯን ጫፍ ታለሰልስበታለች።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ከወለዳችሁ ወይም ብርቱ ትኩሳት ካደረባችሁ ወራት ቆጥራችሁ ታገሡ። የወር አበባችሁ የሚበዛ፣ የሚያዞራችሁና የሚደክማችሁ ከሆነ የደም ማነስ ምርመራ ጠይቁ። የወር አበባ መዛባት፣ የአገጭ ጠጉርና ብጉር አብረው ከመጡ የሆርሞን ምርመራ ያሻል። አናታችሁ እየሳሳ ከሄደ ወደ ቆዳ ሐኪም ፈጥናችሁ ሂዱ፤ በአዲስ አበባ አለርት፣ በጎንደርም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አላቸው። የልጆቻችሁንም ሹሩባ አላልታችሁ ሥሩ።

ባለፈው ዓመት የባልደረባዬ ሴት ልጅ ጠጉሯ ይረግፍ ጀመር። ልጅቷ ለእናቷ ሳትነግር ሻሽ ማሰር ጀምራ ነበር። እናት ሻሹን ስታይ ነገሩ ገባት። አልተቆጣችም፤ ቅባትም አላዘዘችም። እጇን ይዛ ወደ ሐኪም ወሰደቻት። የልጅቷ ከእናቷ የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ የብረት ማነስ ነበር። የታዘዘላትን ክኒን ወስዳ ከጥቂት ወራት በኋላ መርገፉ ቆመ።

«መተማ ድረስ ልኬሽ ያተረፍሁት ይህን ነው» አለችኝ ባልደረባዬ፣ ቡና እየቀዳች። በቤቱ ውስጥ ሻሽ ያሰረ ሰው አልነበረም።